ምሕረትና ምስክርነት በክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ

ሰው በሁለት ነገር ተጠብቆ ይኖራል፤ በፍቅርና በሥርዓት። ፍቅር የሌለው ሥርዓት ልብን ያደርቃል፤ ሥርዓት የሌለውም ፍቅር እንደ ልቅ ጎርፍ ነውና ሊያጠጣው የመጣውን እርሻ ጠርጎ ይሄዳል። ይህ ነገር በቤተ ሰብም፣ በገዳምም፣ በመንግሥትም ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ፍቅርና ሥርዓት ፊት ለፊት ተገናኝተው እርስ በርሳቸው የሚፈታተኑበት ስፍራ ቢፈለግ፣ በክርስቶስ ስም ከተቋቋመ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የበለጠ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም።

በዚህ ዓይነቱ ትምህርት ቤት መምህሩ ጧት በጉባኤ ስለ ምሕረት ያስተምራል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት ያርማል። ጧት ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር ማለት እንደሚገባ የተናገረው አንደበት፣ ከቀትር በኋላ «የተወሰነውን ነጥብ ስላላገኘህ ትምህርትህን መቀጠል አትችልም» የሚለውን ደብዳቤ ያነብባል። እንግዲህ እነዚህ ሁለቱ ይስማማሉን? ወይስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ በደጃፉ ላይ የሰቀለውን መስቀል በመዝገብ ቤቱ ውስጥ ይረሳዋል? በዛሬው ጽሑፋችን የምንመረምረው ይህንን ጥያቄ ነው።

ነገሩ ረቂቅ ሆኖ እንዳይቀር በምሳሌ እናቅርበው። አንድ የማስትሬት ዲግሪ ተማሪ አለ እንበል። ቅስና ያለው፣ ባለ ትዳር፣ የአራት ልጆች አባት ነው። ሌሊት ማኅሌት ቆሞ፣ ቀን በአንድ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ውሎ፣ ወደ ማታ ከዩኒቨርሲቲው ክፍል ይገባል። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት እኩል ክብደት ያላቸውን አራት ትምህርቶች ወስዶ በሁለቱ «ቢ»፣ በአንዱ «ሲ ፕላስ»፣ በአንዱ «ሲ» አገኘ። እነዚህ ነጥቦች ተደምረው ለአራት ሲካፈሉ አማካዩ 2.625 ይሆናል፤ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚፈለገው ግን ከ4.00 ቢያንስ 3.00 ነው። ዝቅተኛውን ነጥብ የሰጠው መምህር የዚህን ቄስ ቤት ያውቃል፤ ድካሙን ያውቃል፤ ትሕትናውንም ይወድዳል። በብዕሩ ጫፍ ሁለቱን ዝቅተኛ ነጥቦች ወደ «ቢ» ከፍ ቢያደርግለት የቄሱ ነገር በዚያው ይፈጸማል፤ የሚያየውም ሰው የለም። ያድርገውን? ባያደርገውስ ጨካኝ ነውን?

ወደ መልሱ ከመድረሳችን በፊት ሥርዓቱ ራሱ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የድኅረ ምረቃ ሥርዓት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ መባረር ብቻ ነው። እርሱ ግን ከዚህ ይሰፋል። ማን ወደ ትምህርቱ እንደሚገባ፣ በስንት ዓመት ውስጥ መፈጸም እንደሚገባው፣ ሕመም ወይም ኀዘን ቢደርስበት ትምህርቱን አቋርጦ ቦታው ሳይጠፋበት እንዴት እንደሚመለስ፣ አማካሪ መምህሩ ማን እንደሚሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በማን ፊት ቆሞ እንደሚያስረዳ፣ ነጥቡ ቢያንስ ምን ዓይነት ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጠው፣ በደል ደረሰብኝ ቢልም አቤቱታውን ለማን እንደሚያቀርብ የሚወስን ነው። በሌላ አነጋገር ሥርዓቱ በተማሪው ላይ የተሳለ ሰይፍ ብቻ ሳይሆን ለተማሪው የተሰጠ ቃል ኪዳንም ነው። የተጻፈ ደንብ ባይኖር የተማሪው ዕድል በአንድ መምህር መልካም ፈቃድ ላይ ይንጠለጠል ነበረ፤ መምህሩ ሲደሰት ያልፋል፤ ሲቈጣም ይወድቃል።

ይህም ሥርዓት ትናንት የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። የክርስቲያን ትምህርት ቤት ባለበት ሁሉ ደንብ ነበረ። የውዳሴ ማርያም ደራሲ ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ያስተማረባት፣ ዛሬ በቱርክ አገር የምትገኘው ንጽቢን፣ ከእርሱ ዘመን በኋላ ታላቅ የመጻሕፍት ትምህርት ቤት ነበረባት። የዚያ ዘመን ሰዎቿ በሃይማኖት ከእኛ የተለዩ ነበሩ፤ ሆኖም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ496 ዓ.ም. ለተማሪዎቻቸው የወሰኑት ደንብ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ደንቡ ተማሪው በትምህርት ወራት በከተማው ውስጥ እንዳይነግድ ይከለክለዋል፤ ተማሪም መብላት እንዳለበት ስለሚያውቅ፣ በዕረፍት ወራት ወደ ሌላ ስፍራ ሄዶ እንዲሠራ ይፈቅድለታል። እንግዲህ ሥርዓትና ርኅራኄ ከ1,500 ዓመት በፊት በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው እናያቸዋለን። እንደዚሁም በ1215 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የሮማው ፓፓ መልእክተኛ ካርዲናል ሮበርት ደ ኩርሶን ለፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ባወጣው ደንብ፣ ማንም ሰው ዕድሜው 35 ዓመት ሳይሞላና ቢያንስ 8 ዓመት ሳይማር ትምህርተ መለኮትን እንዳያስተምር አዟል። ይህን ያህል መጠንቀቅ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ሕክምና ያልተማረ ሰው ሥጋን ቢያክም ጉዳቱ በታመመው ሰው ላይ ይቀራል፤ ያልተማረ ሰው ነፍስን ቢያስተምር ግን ስሕተቱ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር፣ ከትውልድም ወደ ትውልድ ይተላለፋልና ነው።

በእኛም አገር የአብነት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ሥርዓት አለው። ድጓ የተማረ ሰው ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ወደ ዙር አምባ፣ ቅዳሴ የተማረም ወደ ደብረ ዓባይ ወይም ወደ ሰለልኩላ ሄዶ ይፈተናል። ምንም እንኳ በመንደሩ መምህር ዘንድ ብዙ ዓመት ቢደክም፣ ምንም እንኳ ደበሎ ለብሶ፣ ከደጅ ደጅ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቢማር፣ የምስክር ቤቱ መምህር «ይህ ልጅ ብዙ ተቸግሯልና እንዲሁ እንለፈው» አይልም። የማይለውም ርኅራኄ ስለሌለው አይደለም፤ ያንን ቁራሽ እርሱም በልጅነቱ በልቶታልና። የጎደለውን ነግሮ እንደ ገና እንዲቀጽል ያደርገዋል፤ ጎጆም ያስጠጋዋል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ይሰማዋል። የሚነፍገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ያላየውን አይቻለሁ፣ ያልሰማውንም ሰምቻለሁ ማለትን ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋችንን ጥበብ ልብ እንበል። ይህን ፈተና ያለፈውን ሰው አባቶቻችን «ድጓ አስመሰከረ» ይሉታል። የዛሬውም ትምህርት ቤት ለተመራቂው የሚሰጠው ወረቀት ስሙ ምስክር ወረቀት ነው። እንግዲህ ይህ ወረቀት ስጦታ አይደለም፤ የድካም ደመወዝ አይደለም፤ የማጽናኛ ደብዳቤም አይደለም። ዩኒቨርሲቲው በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ቆሞ «ይህ ሰው ይህን ያህል ያውቃል፤ እኛም መርምረን አግኝተነዋል» ብሎ የሚሰጠው ቃል ነው። በፈተና ወረቀት ላይ የሚጻፈው እያንዳንዱ ነጥብ የዚሁ ቃል ክፍል ነው። በሐሰት መመስከር ደግሞ ከዐሥርቱ ትእዛዛት በአንዱ ተከልክሏል።

«ትእዛዙ የሚከለክለው ባልንጀራን ለመጉዳት በሐሰት መመስከርን ነው፤ ለመጥቀም ሲሆን ግን ምን ክፋት አለው?» የሚል ሰው አይታጣም። ለዚህ የምንመልሰው፣ በሐሰት ምስክር የሚጠቀመው ሰው አንድ ሲሆን የሚጎዱት ብዙዎች መሆናቸውን በማሳየት ነው። ያልተማረውን ተምሯል ተብሎ የተላከው ሰው ነገ በአንድ ደብር ይሰብካል፤ በአንድ ኮሌጅ ያስተምራል፤ የተጣሉ ባልና ሚስትን ይመክራል። እነርሱ ወረቀቱን አምነው ይሰሙታል። በዚያው ዓመት ሌሊቱን በመብራት አንግቶ በእውነት «ቢ» ያገኘው ተማሪ ደግሞ ከእርሱ እኩል ተቈጥሮ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ባልንጀራችን የሚታየን፣ በፊታችን ቆሞ የሚያለቅሰው ብቻ አይደለም፤ የማናየው ምእመንና ያልለመነን ተማሪም ባልንጀሮቻችን ናቸው።

ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው ተቃውሞ ከወንጌል የሚነሣው ነው። ባለ ወይኑ ጌታ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት የመጣውን ሠራተኛ፣ የቀኑን ትኩሳት ከቻለው ጋር አስተካክሎ ከፍሎታል፤ ታዲያ መምህሩ ይህንን ቸርነት ቢከተል ምን ያስወቅሰዋል? ምሳሌውን በጥንቃቄ ብናነብብ ግን መልሱ ከራሱ ከምሳሌው ይወጣል። ባለ ወይኑ የሰጠው ዲናር የራሱ ገንዘብ ነበረ፤ በገዛ ገንዘቡም ቸር መሆን ይችል ዘንድ መብቱ ነው። ከዚህም ሌላ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት የመጣውን ሰው ደመወዙን ሰጠው እንጂ «ከማለዳ ጀምሮ ሠርቷል» ብሎ አልመሰከረለትም። መምህሩ ግን ነጥቡን ከራሱ ኪስ አያወጣም። በነጥቡ ቸር የሚሆን መምህር የሚመስለው ባለ ወይኑን ሳይሆን፣ በሉቃስ ወንጌል እንደ ተጻፈው፣ የጌታውን ባለ ዕዳዎች ጠርቶ የዕዳቸውን ጽሕፈት ያስቀነሰውን መጋቢ ነው። ያ መጋቢ ብልሃቱ ቢደነቅለትም ስሙ ዐመፀኛ መጋቢ ከመባል አላመለጠም።

ታዲያ ምሕረት በክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ቦታ የላትምን? አላት፤ ቦታዋንም ጌታችን ፍሬ ስላጣችው በለስ በተናገረው ምሳሌ እናገኘዋለን። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ ባጣባት ጊዜ እንድትቈረጥ አዘዘ። የወይኑ ሠራተኛ ግን አንድ ዓመት ለመነላት፤ ዙሪያዋንም ሊኰተኵትና ፍግ ሊያፈስባት ቃል ገባ። ከዚያ ወዲያ ብታፈራ መልካም ነው፤ ባታፈራ ግን ትቈረጣለች። የሠራተኛውን ልመና እንመርምር። «ፍሬ አላት» ብሎ አልዋሸም። ከሌላ ዛፍ ፍሬ ለቅሞ በቅርንጫፏ ላይ አላንጠለጠለም። የለመነው ጊዜን ነው፤ የጨመረውም የራሱን ላብ ነው። እንግዲህ የእውነተኛ ምሕረት መልክ ይህ ነው፤ ጊዜ ትሰጣለች፤ ድካምም ትጨምራለች፤ ሐሰት ግን አትናገርም።

ዩኒቨርሲቲዎች «የማስጠንቀቂያ ጊዜ» የሚሉት ደንብ ከዚህ ምሳሌ ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል ማየት ይቻላል። በምሳሌ ወዳቀረብነው ቄስ እንመለስ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ያገኘው ድምር 10.5 ነው። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ደግሞ አራት ትምህርት ቢወስድ፣ በስምንቱ ትምህርቶች አማካዩ 3.00 እንዲሆን 24 ነጥብ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ የቀረው 13.5 ነው። ይህም በሦስት ትምህርቶች 3.5 የሚቈጠረውን «ቢ ፕላስ»፣ በአንዱም «ቢ» ቢያገኝ በትክክል ይሞላለታል። በሩ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን አልተዘጋም። መምህሩ የምሕረት ሰው ከሆነ ምሕረቱን የሚያሳይበት ስፍራ እነሆ በፊቱ አለ። በሳምንት አንድ ማታ ከዚህ ቄስ ጋር ይቀመጥ፤ የከበደውን መጽሐፍ ያፍታታለት፤ የጻፈውን ወረቀት አርሞ እንደ ገና ያስጽፈው። ዩኒቨርሲቲውም አራት የነበረውን ትምህርት ሁለት ሁለት አድርጎ በረዘመ ጊዜ እንዲወስድ ደንቡ በሚፈቅደው መጠን ይርዳው፤ ምእመናንም የሚያገለግልበትን ደብር አነጋግረው የሌሊቱን ተራ ያቅልሉለት። ይህ ሁሉ ያደክማል። በብዕር ጫፍ «ሲ»ውን ወደ «ቢ» መለወጥ ግን አያደክምም። ብዙ ጊዜ ምሕረት የምንለው ነገር የስንፍናችን መሸፈኛ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል፤ ለወንድማችን ስንዝር ድካም ሳንደክምለት፣ የእኛ ያልሆነውን ሰጥተን ቸሮች ለመባል እንወድዳለንና።

በስውር የሚሰጥ ቸርነት ሌላም ነውር አለበት፤ ለሁሉ እኩል አይደርስም። ወደ መምህሩ ቤት ገብቶ ችግሩን መናገር የሚችል፣ ስመ ጥር ዘመድ ያለው፣ ወይም እንባው የቀረበ ሰው ያገኘዋል። ከሩቅ አገር የመጣው፣ ዓይነ አፋሩ፣ ቋንቋው የተሰበረበት ተማሪ ግን ከእርሱ የበለጠ ችግር እያለበት ነጥቡን ተቀብሎ ዝም ብሎ ይሄዳል። ኦሪት ዘሌዋውያን ዳኛ በፍርድ ለባለ ጠጋው እንዳያደላ ብቻ ሳይሆን ለድኻውም እንዳያደላ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት፣ ያለ አድልዎ እንዲሠራ ከነገረው በኋላ ወዲያው በማንም ላይ በችኰላ እጁን እንዳይጭን ያስጠነቅቀዋል። አድልዎና ችኰላ በአንድ ስፍራ መነሣታቸው፣ ሳይመረምሩ መመስከር ከሁለቱ የሚወለድ ኃጢአት መሆኑን ያሳያል። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውና ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ትምህርት ቤት በዓርማው ላይ ያኖረው ቃልም የዚሁ ሐዋርያ ነው፤ ሁሉን ስለ መመርመርና መልካሙን አጽንቶ ስለ መያዝ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ነው። ስለዚህ ፈተና የፍቅር ጠላት ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ሐዋርያው እንዲህ አላሰበም እንለዋለን።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ መምህሩ ነው። ተማሪውም የራሱ የሆነ ምስክርነት አለበት። የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያስረክብ ስሙን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጽፋል፤ ይህም «እኔ ሠራሁት» ብሎ መመስከር ነው። ዛሬ ግን የሰውን ጽሑፍ ገልብጦ የራስ ማስመሰል፣ በገንዘብም ሌላ ሰው ቀጥሮ ማስጻፍ እንደ ቀላል ነገር እየታየ መጥቷል። በቅርብ ዓመታትም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው የኮምፒውተር ጥበብ፣ ጥቂት ቃል ቢነግሩት የተማረ ሰው የጻፈው የሚመስል ድርሰት በቅጽበት ያወጣል። መሣሪያው በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ ኃጢአቱ ያልደከሙበትን ደክሜበታለሁ ማለቱ ላይ ነው። በገንዘብ የሚያስጽፈውም በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውን የሲሞንን ታሪክ ያስታውስ፤ እርሱም በጸጋ የሚገኘውን ነገር በብር ሊገዛ ወድዶ ነበረ።

በዚህም ነገር ከአባቶቻችን ቤት የምንማረው አለ። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ «ዘረፈ» ይባላል። ለማያውቅ ሰው ቃሉ የሽፍታ ሥራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በቅኔ ቤት ከሁሉ የሚነወረው የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ሲወጣ፣ በየቀኑ ከገዛ ልቡ አዲስ ነገር አምጥቶ በመምህሩ ፊት ይቈማል፤ ቢሳሳት ይታረማል፤ የተዋሰው ቢሆን ግን የመምህሩ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። የመጻሕፍት መምህራንም ትርጓሜ ሲሰጡ «የላይ ቤት እንዲህ ይላል፤ የታች ቤት ግን እንዲህ ይላል» ብለው ነገሩን ለባለቤቱ እየመለሱ ይናገራሉ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ «ምንጭን መጥቀስ» የሚባለው ሥርዓት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የደከመውን ሰው በስሙ ማክበር ነው። ስለዚህ ከአብነት ቤት ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ይህን ደንብ እንደ እንግዳ ቀንበር ሊያየው አይገባም፤ በቤቱ ያደገበት ነውና።

እንግዲህ ደንቡ በተማሪው ላይ እንዲህ ከጸና፣ በዩኒቨርሲቲውም ላይ ከዚያ የበለጠ መጽናት ይገባዋል። አንደኛ፣ ደንቡ አስቀድሞ ተጽፎና ተነግሮ መገኘት አለበት። ተማሪው ከገባ በኋላ የተለወጠ መለኪያ፣ ነጋዴ እህሉ ከተሰፈረ በኋላ ቁናውን እንደ መለወጥ ነው። ሁለተኛ፣ መምህሩ ግዴታውን ይፈጽም። አማካሪ ተብሎ የተሾመ ሰው የተማሪውን ምዕራፍ ተቀብሎ ወራት ሙሉ ሳያነብበው በጠረጴዛው ላይ አቧራ ቢያስጠጣው፣ የጊዜው ገደብ በደረሰ ዕለትም «ዘግይተሃል» ብሎ ቢፈርድበት፣ ይህ መምህር ራሱ በሐሰት መስክሯል፤ የዘገየው ማን እንደ ሆነ ያውቃልና። በለሷን ሳይኰተኵት ምሳር የሚያነሣ ሠራተኛ ከምሳሌው ውስጥ የለም። ሦስተኛ፣ የአቤቱታ በር ይከፈት፤ የፈረደው ሰው ብቻውን የይግባኙም ዳኛ አይሁን። ሙሴ እንኳ ከአማቱ ከዮቶር ምክር ሰምቶ የዳኝነትን ሥራ በየደረጃው አከፋፍሏል። አራተኛም፣ ትምህርቱን መቀጠል ያልቻለው ሰው የሚሰናበትበት መንገድ ክርስቲያናዊ ይሁን። በመዝገብ ቤት መስኮት በኩል የተወረወረች ወረቀት ብቻ አትድረሰው፤ መምህሩ አስጠርቶ ያነጋግረው፤ የያዘውን ዕውቀት የት ሊያውለው እንደሚችል ይምከረው። ነጥብ የሰውን ሥራ ይመዝናል እንጂ የሰውን ነፍስ አይመዝንም። በትምህርት ያልሰመረለት ሰው በእግዚአብሔር ፊት ያነሰ ሰው አይደለም፤ ይህንንም በቃልና በሥራ ካላስታወቀ ዩኒቨርሲቲው ክርስቲያን መባሉ በስም ብቻ ነው።

አሁን ለተነሣንበት ጥያቄ መልስ መስጠት እንችላለን። ያ መምህር ነጥቡን አይለውጥ። ባለመለወጡ ግን ከቄሱ ጋር የነበረው ነገር አላለቀም፤ ገና ጀመረ እንጂ። «ሲ»ውን ጽፎ ብዕሩን ያኖረ ዕለት፣ ጊዜውንና ጉልበቱን ለዚህ ወንድሙ ለማውጣት ዕዳ ገብቷል። ቄሱ በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ቢሳካለት ዲግሪው በእውነት የእርሱ ይሆናል፤ በአደባባይ ሲቆም የሚያሳፍረው ነገር የለም፤ ልጆቹም የአባታቸውን ወረቀት በግድግዳ ላይ ሰቅለው ይመለከቱታል። ባይሳካለት ደግሞ ይህ ኀዘን ነው፤ ኀዘን መሆኑንም አንክድም። ነገር ግን በእውነት ያዘነ ሰው ይጽናናል፤ በሐሰት የተደሰተ ሰው ግን ሐሰቱ የሚገለጥበትን ቀን እየፈራ ይኖራል። ዕድሜውን ሁሉ አንድ ሰው ተነሥቶ እንዳይጠይቀው የሚሰጋ መምህር፣ በጉባኤው ውስጥ ያለውን ብልኅ ተማሪ ይጠላል። እንዲህ ያለውን እስራት ለወንድማችን «በምሕረት» ሰጠነው ማለት አይገባም።

ይህ ነገር ለአገራችን መንፈሳውያን ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ታላቅ ጉዳይ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተመሠረተው የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ በደርግ ዘመን ተዘግቶ እንደ ነበረ ሁሉም ያውቃል። ዘመኑም ሲያልፍ ዳግመኛ ተከፍቶ፣ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ስም ለመጠራት በቅቷል። ከዚህ የምንማረው፣ ከውጭ በመጣ ኃይል የተዘጋ ትምህርት ቤት ዘመን ሲለወጥ እንደሚከፈት ነው፤ ምስክሩ የረከሰበት ትምህርት ቤት ግን በሩ ክፍት ሆኖ፣ ተማሪም ሞልቶበት ሳለ ተዘግቷል። እርሱንም የሚከፍተው ዐዋጅ አይገኝም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ለደቀ መዛሙርታችሁ የእናንተ የሆነውን ሁሉ ሳትሰስቱ ስጧቸው፤ ጊዜያችሁን፣ እንቅልፋችሁን፣ መጻሕፍታችሁን፣ ቢቸግራቸውም ከማዕዳችሁ። የእናንተ ያልሆነውን እውነትን ግን ለማንም አትቀንሱ፤ ለማንም አትጨምሩ። ተማሪዎች ሆይ፣ ስማችሁን የምትጽፉበት ወረቀት ላባችሁ ያረፈበት ይሁን። የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎችም ሆይ፣ ደንባችሁ የሚነበብ፣ በራችሁ የሚንኳኳ፣ ፍርዳችሁም ለታወቀውና ላልታወቀው ሰው አንድ ይሁን። የበለሷን ሠራተኛ ትዕግሥት፣ የምስክር ቤቱንም መምህር እውነተኛነት አንድ አድርጎ ለመያዝ የምሕረትና የእውነት አምላክ ሁላችንንም ይርዳን።